የማሌዢያን ሰላም የጠበቀው የጋዜጣ ልጓም ነውን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ማሌዢያ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም «ብዙ ብሔረሰብ ላለበት አገር መፍትሔው ይኸውልህ» ከሚል ማስታወሻ ጋር ከበርካታ ወዳጆች ደርሶኛል። ጸሐፊው አማርኛቸው የጠራ፣ ሐሳባቸው በሥርዓት የተሰደረ ነው። ስለ ደቡብ ምሥራቅ እስያ በቋንቋችን በቁም ነገር የሚጽፍ ሰው ጥቂት በመሆኑም ድካማቸውን አከብራለሁ። መደምደሚያቸውን ግን ልቀበለው አልቻልኩም። ነገ ማንም ባለሥልጣን አንሥቶ ጋዜጣ ሊዘጋበት የሚችል መደምደሚያ ስለሆነ በዝምታ ላልፈውም አልፈልግም።

በመጀመሪያ ያሉትን እንዳሉት ላስቀምጥ። አንደኛ፣ በ1969 በኳላ ላምፑር የፈሰሰው ደም ልቅ ፖለቲካና ልቅ ንግግር ያመጣው ነው። ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ መንግሥት ጋዜጦችን በፈቃድ፣ ተናጋሪዎችን በሕግ ስለያዘ ሌላ እልቂት አልደረሰም። ሦስተኛ፣ በ1971 የወጣው አዲሱ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለማላዮች ድርሻ በመስጠት ድህነትንም ቂምንም አጠፋ። አራተኛ፣ በብሔር የተደራጁ ፓርቲዎች በአንድ ግንባር መቀመጣቸው ለእያንዳንዱ ሕዝብ ጠባቂ ሰጠው። አምስተኛ፣ ኢንተርኔት ከገባና ግንባሩ በ2018 ከወደቀ ወዲህ አገሪቱ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ስታፈራርቅ ታየች፤ ልጓም ሲላላ የሚመጣው ይህ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አገሪቱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ማሌዢያ 34 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አላት። ከዜጎቿ ከመቶ 69 ያህሉ ቡሚፑትራ የሚባሉት ማላዮችና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ናቸው። 23 ያህሉ ቻይናውያን፣ ሰባት ያህሉ ሕንዳውያን ናቸው፤ የብዙዎቹ አያቶች በእንግሊዝ ዘመን ለቆርቆሮ ማዕድንና ለጎማ እርሻ ሥራ የመጡ ናቸው። ማላያ በ1957 ነፃ ወጣች፣ በ1963 ከሲንጋፖር፣ ከሳባህና ከሳራዋክ ጋር ተዋሕዳ ማሌዢያ ተባለች፤ ሲንጋፖር በ1965 ተለየች።

ከ1969 ልጀምር። በዚያ ዓመት ሜይ 10 በተካሄደው ምርጫ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የቱንኩ አብዱል ራህማን ገዢ ጥምረት በልሳነ ምድሩ ክፍል (በቀድሞዋ ማላያ) ከግማሽ በታች ድምፅ አገኘ። የተቃዋሚዎቹ ደጋፊዎች በዋና ከተማዋ ጎዳናዎች ደስታቸውን ሲገልጹ ማላዮችን የሚያዋርዱ ስድቦች ተሰሙ። ሜይ 13 ቀን ደግሞ የገዢው የማላዮች ፓርቲ የኡምኖ ደጋፊዎች በካምፑንግ ባሩ ሰፈር፣ በሴላንጎር ግዛት ዋና ሚኒስትር መኖሪያ ተሰበሰቡ። ግድያው በዚያው ምሽት ተጀመረ። መንግሥት የሞቱትን 196 ብሎ ቆጠረ፤ ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ቻይናውያን ነበሩ።

የምርጫው ቅስቀሳ መርዘኛ ነበር ሲሉ ጸሐፊው እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ልቅ ነበር የሚሉት ሥርዓት የትኛው ነው? እንግሊዞች ያወጡት የ1948ቱ የአመጽ ማነሣሣት ሕግ በሥራ ላይ ነበር። ጋዜጣ ለማሳተም በየዓመቱ የሚታደስ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ሰውን ያለ ፍርድ ለማሰር የሚያስችለው የውስጥ ጸጥታ ሕግ ከ1960 ጀምሮ ነበር። ስመ ጥሩ የማላይ ጋዜጣ ኡቱሳን ማላዩም ቢሆን ኡምኖ በ1961 እጁን ሲያስገባበት ጋዜጠኞቹ በዋና አዘጋጃቸው በሰኢድ ዛሃሪ መሪነት ሥራ አቁመው ታገሉ፣ ተሸነፉም፤ ጋዜጣው የፓርቲው አፍ ሆነ። ሰኢድ ዛሃሪ በኋላ በሲንጋፖር ያለ ፍርድ 17 ዓመት ታስሯል። የ1969ኙ እልቂት እንግዲህ የደረሰው ልጓሙ ከገባ በኋላ ነው። «ልጓም ስላልነበረ ደም ፈሰሰ» የሚለው አባባል ከዘመን ቅደም ተከተሉ ጋር አይገጥምም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውንም በሙሉ መናገር ይገባ ነበር። ፓርላማው እስከ 1971 መጀመሪያ ተዘጋ። ሲከፈት በወጣው ማሻሻያ የማላዮችን ልዩ መብት፣ የዜግነትን፣ የብሔራዊ ቋንቋንና የሱልጣኖችን ጉዳይ መጠየቅ በፓርላማው አዳራሽ ውስጥ እንኳ ወንጀል ሆነ። ሕዝብ የመረጠው እንደራሴ ስለ ሕዝቡ ዋና ጥያቄ ቢናገር ሊከሰስ የሚችልበት አገር ሆነች ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን በአንድ ሐረግ «ጥንቃቄ» ብለው አልፈውታል።

ዋናው ልዩነታችን ሁለተኛው ነጥባቸው ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እሄዳለሁ።

ልጓሙ ሰላም ጠብቆ እንደሆነ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ማንን እንደያዘና ማንን እንደለቀቀ ማየት ነው። በ1984 የወጣው የማተሚያ ቤቶችና የኅትመት ሕግ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፈቃድ የመስጠት፣ የመከልከልና የመንጠቅ ሙሉ ሥልጣን ሰጠው፤ በ1987 ደግሞ ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዳይመረመር ተደረገ። ፈቃዱን በየዓመቱ ማሳደስ የቀረው በ2012 ነው።

ጸሐፊው ለዚህ ሕግ ጥቅም በምሳሌነት የጠቀሱት በ1987 ኦክቶበር የተደረገውን፣ ኦፕሬሽን ላላንግ የተባለውን አፈሳ ነው። እርግጥ ነው፣ በቻይንኛ ትምህርት ቤቶች አስተዳዳሪዎች ሹመት የተነሣ በዚያ ወር ከተማው ተወጥሮ ነበር። የቻይናውያኑ ፓርቲዎች ተቃውሞ ጠሩ፤ የኡምኖ ወጣቶች ክንፍ በበኩሉ ደም የሚጠራ መፈክር የታየበት ሰልፍ በካምፑንግ ባሩ አደረገ። የወጣቶቹ መሪ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ናጂብ ራዛቅ ነበሩ። ከዚያ 106 ሰዎች ያለ ፍርድ ታሰሩ። ከኡምኖም ጥቂት ሰዎች ነበሩበት፤ ነገር ግን ናጂብ አልታሰሩም። የታሰሩት የተቃዋሚው መሪ ሊም ኪት ሲያንግ፣ ጠበቃው ካርፓል ሲንግ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ የደን ተሟጋቾችና የትምህርት ሰዎች ነበሩ። ሦስት ጋዜጦች ተዘጉ፤ የእንግሊዝኛው ዘ ስታር፣ የቻይንኛው ሲን ቹ፣ የማላይኛው ዋታን። የተከፈቱት በ1988 ማርች ነው።

ጽሑፉ የዘለለው ነገር ደግሞ አለ። አፈሳው በተደረገበት በ1987 ኤፕሪል ጠቅላይ ሚኒስትር ማሃቲር በኡምኖ የውስጥ ምርጫ ተንኩ ራዛሌይን ያሸነፉት በ761 ለ718፣ በ43 ድምፅ ልዩነት ብቻ ነበር፤ ፓርቲው ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ከአፈሳው በኋላ ባለው ዓመት የአገሪቱ የፍርድ ቤቶች የበላይ ዳኛ ከሥልጣን ተባረሩ። ወንበሩ የተነቃነቀበት መሪ ተቃዋሚውን፣ ጋዜጣውንና ዳኛውን ተራ በተራ ሲይዝ አይቶ የብሔረሰቦች ሰላም ተጠበቀ ማለት ለእኔ የሚዋጥ አይደለም።

ይህ አንድ አጋጣሚ ነው የሚል ካለ ወደ 2008 ልውሰደው። በዚያ ዓመት አንድ የኡምኖ የአካባቢ መሪ በማሟያ ምርጫ ቅስቀሳ ላይ ቻይናውያንን በአገሪቱ የተጠጉ እንግዶች አድርገው ተናገሩ። የሲን ቹ ጋዜጣ ዘጋቢ የተባለውን ዘገበች። ሴፕቴምበር 12 ቀን በውስጥ ጸጥታ ሕግ የታሰረችው ማን ነበር? ዘጋቢዋ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ የታሰረችው ለራሷ ደኅንነት ነው አሉ። ሕዝቡ በቁጣ ሲነሣ በማግሥቱ ተለቀቀች። ተናጋሪውን ፓርቲያቸው ለሦስት ዓመት አገዳቸው እንጂ ፖሊስ አላሰራቸውም። የሕግ ጉዳዮች ሚኒስትሩ ዛይድ ኢብራሂም በዚህ ተቆጥተው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የመንግሥቱ የራሱ ሚኒስትር ሊሸከመው ያልቻለውን ነገር እኛ ከሩቅ ሆነን ጥበብ ብለን እናወድሰው?

በ2013 ምርጫ ደግሞ ገዢው ግንባር ከመቶ 47 ድምፅ አግኝቶ፣ ከመቶ 51 ያገኘውን ተቃዋሚ በወንበር ብዛት በለጠው፤ የገጠር የምርጫ ክልሎች ጥቂት መራጭ ይዘው እኩል ወንበር ስለሚያገኙ። ከምርጫው ሁለት ቀን በኋላ የኡምኖ የነበረው ኡቱሳን ማሌዢያ በፊት ገጹ «ቻይናውያን ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ በትልቁ አወጣ። ሙሉ ፈቃድ ያለው፣ በሚኒስትሩ ሕግ የሚተዳደር ጋዜጣ ነበር። ፈቃዱን አልተነጠቀም። ሕጉ ብሔርን ከብሔር የሚያጋጭ ኅትመት ለመከልከል ቆሟል ከተባለ ከዚህ የበለጠ መፈተኛ ከየት ይመጣል?

ሁለት ዓመት ቆይቶ ልጓሙ ማንን እንደሚይዝ እንደገና ታየ። በ2009 የተቋቋመው ዋን ኤም ዲ ቢ የተባለው የመንግሥት የልማት ፈንድ ገንዘብ የት እንደገባ ዘ ኤጅ የተባለው የንግድ ጋዜጣ ሲመረምር ቆይቶ ነበር። በ2015 ጁላይ ዎል ስትሪት ጆርናል ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በጠቅላይ ሚኒስትር ናጂብ የግል ሒሳብ መግባቱን ጻፈ። በዚያው ወር የዘ ኤጅ ሁለት ጋዜጦች ለሦስት ወር ታገዱ፤ የተሰጠው ምክንያት የሕዝብን ጸጥታ ሊያውክ ይችላል የሚል ነው። ጉዳዩን ሲያጋልጥ የነበረው ሳራዋክ ሪፖርት የተባለው ድረ ገጽ ተዘጋ። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩና ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ተነሡ። እገዳውን ከሁለት ወር በኋላ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሻረው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በኋላ የተመዘበረውን ከ4.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አድርጎ ገመተው። በዚህ ነገር ውስጥ ማላይና ቻይናዊ የተጋጨበት አንድም ቦታ የለም። የተዘረፈው የሁሉም ነው።

ጸሐፊው «ታዲያ ሌላ ሜይ 13 ያልደረሰው ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለመጣ ብቻ ግን የፊተኛው የኋለኛውን አመጣው አይባልም። እዚያው አካባቢ ያለችውን ምያንማርን ይመልከቱ። ከ1962 ጀምሮ በወታደሮች እጅ ወደቀች፤ እስከ 2012 ድረስ ኅትመት ሁሉ አስቀድሞ በመንግሥት ይመረመር ነበር። ከዚያ የጠበቀ ልጓም በአካባቢው ማግኘት ያስቸግራል። የካረኖች ጦርነት ከ1949፣ የካቺኖች ከ1961 ጀምሮ ሲነድ የኖረው ግን በዚያችው አገር ነው። ምርመራው ከቀረ በኋላ በፌስቡክ የተሠራጨው ጥላቻ በሮሂንግያዎች ላይ ለደረሰው ግፍ ማገዶ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሮሂንግያዎች በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ወደ ባንግላዴሽ በ1978 እና በ1991-92 ሲሰደዱ ፌስቡክም ነፃ ጋዜጣም አልነበረም።

ማሌዢያ ያልተቃጠለችባቸው ምክንያቶች ሌሎች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ከ1974 ወዲህ ምርጫ ሳይቋረጥ ተካሂዷል፤ የተቆጣ ሰው ቁጣውን የሚያወጣበት ሳጥን ነበረው። ቻይንኛና ታሚልኛ የሚያስተምሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ ቀጥለዋል። ከሁሉም በላይ ሥራ ነበረ፣ ገቢ ነበረ።

ይህም ወደ ሦስተኛው ነጥብ ያደርሰናል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል። በ1970 በልሳነ ምድሩ ከቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ ድሆች ነበሩ፤ በ1990 ከመቶ 15 ያህል ብቻ ቀሩ። ከማላይ ገበሬ ቤት ሐኪም፣ መሐንዲስና ዳኛ ወጣ። ይህን የሚያቃልል ሰው የገጠሩን ማላይ ኑሮ አያውቅም። ዕድገቱ ግን ከድርሻ ክፍፍሉ ብቻ አልመጣም። ነዳጅ ነበረ፣ ፓልም ዘይት ነበረ፤ ከ1972 ጀምሮ በፔናንግ የተተከሉት የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች ነበሩ። «ቂምን አጠፋ» የሚለውን ደግሞ ሕንዳውያኑ ራሳቸው መልሰውታል። በ2007 ኖቬምበር 25 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ድሆች፣ ብዙዎቹ ከጎማ እርሻ የተፈናቀሉ ሠራተኞች ልጆች፣ አስለቃሽ ጭስ እየተተኮሰባቸው በኳላ ላምፑር ተሰለፉ። መሪዎቻቸው ያለ ፍርድ ታሰሩ። የዓለም ባንክ በ2011 ባወጣው ጥናት ከአገር ወጥተው የሚኖሩትን ማሌዢያውያን ወደ አንድ ሚሊዮን ገምቷቸዋል፤ ከተማሩት ስደተኞች አብዛኞቹ ቻይናውያን ናቸው። ቂም የሌለበት ሰው አገሩን እንዲህ ጥሎ አይወጣም።

እዚህ ላይም ልጓሙ ራሱን ፖሊሲውን ጎድቶታል። ግቡ ቡሚፑትራዎች ከኩባንያዎች ሀብት ከመቶ 30 እንዲይዙ ነበር። በ2006 ሊም ቴክ ጊ የተባሉ ምሁር የመሩት ጥናት ድርሻው ከመቶ 45 ደርሷል አለ፤ መንግሥት 19 ገደማ ነው ብሎ ተቆጣ። ጥናቱን ያሠራው ተቋም ግፊት ሲበዛበት ጽሑፉን ሰረዘ፤ ሊም ሥራቸውን ለቀቁ። ምናልባት የተሳሳቱት እርሳቸው ይሆናሉ። ፖሊሲው ግቡን መምታቱን መቁጠር በሚያስነቅፍበት አገር ግን የማላዩ ድሃ ድርሻ በባለሥልጣን ወዳጆች ኪስ መግባቱን ማን ያጋልጥለት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት አባቶቻችን ይህን ነው።

አራተኛውን ነጥብ አጠር አደርገዋለሁ። የ1955ቱ የብሔር ፓርቲዎች የምርጫ ጥምረት ብልህ ሥራ ነበር፤ ከ52 ወንበር 51 ሲያገኝ የማላይ መራጮች ቻይናውያን ዕጩዎችን መርጠዋል። ነገር ግን የብሔር ፓርቲ የብሔሩ ጠባቂ ነው ማለት ሌላ ነው። ፓርቲዎቹ ጋዜጦቹን ተካፈሏቸው፤ ኡምኖ ኡቱሳንን፣ የቻይናውያኑ ማህበር ዘ ስታርን ያዘ። በ2001 ይኸው የቻይናውያን ፓርቲ ናንያንግ የተባለውን የቻይንኛ ጋዜጣ ኩባንያ ሲገዛ ተቃውሞ ያነሡት ቻይናውያን አንባቢዎችና ጸሐፊዎች ናቸው፤ ብዙ ዓምደኞች ጽሑፋቸውን ከለከሉ። ጠባቂያቸው ጋዜጣቸውን እንዲይዝላቸው አልፈለጉም። በ2008 ምርጫ ግንባሩ ከ1969 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለት ሦስተኛ አብላጫውን ሲያጣ ክፉኛ የተመቱት እነዚሁ የቻይናውያንና የሕንዳውያን ፓርቲዎች ናቸው፤ የሕንዳውያኑ መሪ ሳሚ ቬሉ የራሳቸውን ወንበር አጡ።

ወደ መጨረሻው ነጥብ ልግባ። የማሌዢያ ኢንተርኔት ነፃ የሆነው በመላላት አይደለም። በ1990ዎቹ ማሃቲር የቴክኖሎጂ ባለሀብቶችን ለመሳብ ኢንተርኔት እንደማይመረመር ቃል ገቡ። በዚያች ቀዳዳ ስቲቨን ጋንና ፕሬሜሽ ቻንድራን በ1999 ኖቬምበር ማሌዢያኪኒ የተባለውን የኢንተርኔት ጋዜጣ ጀመሩ። ጋዜጣው ከእንግሊዝኛ አልፎ በማላይ፣ በቻይንኛና በታሚልም ወጣ። ፈቃድ ያላቸው ጋዜጦች እያንዳንዱን ሕዝብ በየቋንቋው አጥር ውስጥ ሲያስቀምጡ አንዱን ዜና ለሁሉም ያደረሰው ፈቃድ የሌለው ነበር። በ2021 ፌብሩዋሪ አንባቢዎች ስለ ዳኞች በጻፉት አስተያየት ምክንያት ጋዜጣው በግማሽ ሚሊዮን ሪንጊት ሲቀጣ አንባቢዎቹ ገንዘቡን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አዋጡለት።

በ2018 ሜይ 9 ደግሞ ከነፃነት ጀምሮ የገዛው ግንባር ተሸነፈ። ለአሥርተ ዓመታት ሕዝቡ «ብታወርዱን ሜይ 13 ይደገማል» ሲባል ኖሮ ነበር። አልተደገመም። አንድም ሰፈር አልተቃጠለም፤ በዚህ ጊዜ ተቃዋሚዎቹን የመሩት ማሃቲር በማግሥቱ ምሽት በ92 ዓመታቸው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ናጂብ ተከሰው በ2020 ተፈረደባቸው፣ በ2022 ኦገስት ወህኒ ወረዱ። ከዚያ በኋላ መንግሥታት ቶሎ ቶሎ መቀያየራቸው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን የፓርላማ አባላት ፓርቲ መቀየራቸው ነው፣ በ2020 የወደቀው መንግሥትም የወደቀው በዚህ ነው። መድኃኒቱም ከዚያው መጣ፤ በ2022 ፓርቲ የሚቀይር እንደራሴ ወንበሩን የሚያጣበት ማሻሻያ ወጣ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ማንም አብላጫ ሳያገኝ ሲቀር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ጠላት የነበሩት ኡምኖና በአብዛኛው ቻይናውያን የሚደግፉት ዲኤፒ የተባለው ፓርቲ በጠቅላይ ሚኒስትር አንዋር ኢብራሂም ሥር በአንድ ካቢኔ ተቀመጡ። ጸሐፊው ትርምስ ያሉት ይህንን ነው። አራት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ያለ አንዲት ጥይት መቀያየራቸውን እኔ እንደ ትርምስ አልቆጥረውም።

ነፃነቱ ሁሉን ፈወሰ አልልም። ከ2022 ምርጫ በኋላ በቲክቶክ ስለ ሜይ 13 የሚያስፈራሩ ቪዲዮዎች ተሠራጭተዋል። በ2024 ማርች በአንድ የሱቅ ድርጅት የአላህ ስም ያለበት ካልሲ ተገኝቶ በቅርንጫፎቹ ላይ የቤንዚን ቦምብ ተወርውሯል። ጥላቻን ለመከላከል ሕግ ያስፈልጋል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን የ1948ቱ ሕግ በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ እንዳለ ነበር፤ ዛሬም አለ። ናጂብ በ2012 እሽረዋለሁ ብለው በ2014 ቃላቸውን አጠፉ። በ2018 ያሸነፉትም ቃል ገብተው አልሻሩትም። ሥልጣን የያዘ ሁሉ የሚወደው ሕግ ሆኖ ቆይቷል፤ ቤንዚን የሚወረውረውን እጅ ግን አልያዘም።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ ሁለተኛ ክፍል እንደሚያስከትሉ ተናግረዋል፤ አነበዋለሁ። በዚያ ክፍል ስለ ሁለት ነገሮች በግልጽ እንዲጽፉ እጠይቃቸዋለሁ። በ2008 ዘጋቢዋ በመታሰሯ ከጥቃት የዳነው የትኛው ቻይናዊ፣ የትኛው ማላይ ነው? በ2015 ዘ ኤጅ በመታገዱስ የተጠበቀው የማን ሰላም ነው?